አለ ተብሎ ስላልተገኘ የመብራት ገመድ የቀረበ ቅሬታ

ለመኪና አምራች ኩባንያው የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የጭጋግ መብራት ገመድን ይመለከታል

መኪናዬን የገዛሁት የጭጋግ መብራት እንደሌለው አውቄ፣ በዋጋው ምክንያት መርጬ ነው። ሻጫችሁ ግን «ገመዱ ከፋብሪካ ተዘርግቶ ስለሚመጣ፣ በፈለጉ ጊዜ መብራቱን ገዝተው መሰካት ብቻ ነው» ብሎኝ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ከራሳችሁ መለዋወጫ መደብር ሁለት መብራት ገዛሁ። ባለሙያው የፊት ባምፐሩን ሲፈታ የመብራቱ ቦታ አለ፣ የብሎኑ ቀዳዳ አለ፤ ሶኬት የለም።

ይበልጥ ያናደደኝ የባልደረባዬ መኪና ነው። ሞዴሉም ዓመቱም ያው፣ ያለ ጭጋግ መብራት የተሸጠ። በእሱ ላይ ግን ሶኬቱ በፕላስተር ተጠቅልሎ ከገመዱ ጋር ታስሮ ተቀምጧል።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ይገባኛል። የመኪና ሽቦ ጥቅል፣ ማለትም ገመዶቹ ከነሶኬታቸው በአንድ ላይ የታሰሩበት፣ በአብዛኛው በእጅ የሚሠራ፣ ከባድና ውድ ዕቃ ነው። ብዙ ገዢ የሚመርጠው መሣሪያ ከሆነ ሽቦውን በሁሉም መኪና ላይ መዘርጋት ይረክሳል፤ የጥቅሉ ዓይነት በበዛ ቁጥር ክምችቱም፣ በመገጣጠሚያው መስመር ላይ የመሳሳት ዕድሉም ይበዛልና። ጥቂቶች ብቻ የሚያዝዙት ከሆነ ደግሞ በየመኪናው ያለ ሥራ የሚቀመጠው መዳብ ኪሳራ ነው። ስሌቱ የእናንተ ነው፤ አልከራከርበትም። የጀርመኑ መኪና አምራች ቢኤምደብሊው በወንበር ማሞቂያ እንዳደረገው፣ መሣሪያውን ከፋብሪካ ገጥማችሁ በወርሃዊ ክፍያ እንዲሠራ ክፈቱልኝም አላልሁም፤ እሱ ራሱ በ2023 እ.ኤ.አ. ትቶታል።

ቅሬታዬ የስሌቱ ውጤት ከገዢው መደበቁ ነው። የመለዋወጫ ሠራተኛችሁ ትክክለኛውን መብራት ለመለየት የሻንሲ ቁጥሬን ጠይቆ ኮምፒውተር ላይ ፈልጓል። በዚያው ቁጥር የትኛው የሽቦ ጥቅል እንደተገጠመ ማየት ይቻል ነበር። ማንም አላየም። አሁን የጥገና ማዕከላችሁ የፊቱ ጥቅል በሙሉ ይቀየር ይላል፤ የጠየቀው ዋጋ ከመብራቶቹ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በውጭ ባለሙያ ከባትሪው ላይ ለብቻው ገመድ ካስዘረጋሁ ደግሞ ዋስትናዬን እንደማጣ አስጠንቅቆኛል።

ስለዚህ ወይ ገመዱን በራሳችሁ ወጪ አስገቡልኝ፣ ወይ የመብራቶቹንና የባምፐር መፍቻውን ገንዘብ መልሱልኝ። ሻጮቻችሁም የሻንሲ ቁጥሩን ሳያጣሩ «ገመዱ አለ» እንዳይሉ፣ ያለውና የሌለው በሽያጭ ውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር።

ደረሰኞቹንና ፎቶግራፎቹን አያይዣለሁ። መብራቶቹ እስካሁን ከነካርቶናቸው የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ናቸው፤ መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ