ሟርት አትበለው

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹ እንዴት ናቸው? የልጆችህ እናትስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማሾው ዘንድሮ ደህና ይዟል። የሽንኩርቱን ግን አትጠይቀኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩህ። ስትደውል ስልኩን እያየሁ ነው የማላነሳው። አንድ ጊዜ ሸዋ ሮቢት ድረስ መጥተህ በር ስታንኳኳ «የለም» ያስባልኩህም እኔ ነኝ። ጓዳ ተቀምጬ ድምፅህን እሰማ ነበር። ባለቤቴ ቡና ላፍላ ስትልህ፣ መኪና ያመልጠኛል ብለህ ስትወጣ፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ። አፍሬ ነው። ልጅ ሆነን ሮቢ ወንዝ ስንወርድ ሁሌ የምቀድምህ እኔ ነበርኩ። በክራንች እየተጎተትኩ እንድታየኝ አልፈለግኩም። ይቅር በለኝ።

አሁን የጻፍኩልህ ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ እናትህን አግኝቼ ነው። «ልጄ እኮ ምድር ባቡር ገባ» አሉኝ፣ ፊታቸው በርቶ። ድሬዳዋ መስመር ላይ፣ ሐዲድ ጥገና። ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሥራውን አውቀዋለኋ፣ እኔም እግሬን የተጎዳሁት ሐዲድ ሥራ ላይ ነው። አንተን ተጠንቀቅ ማለት ምን ያደርጋል? ተጠንቅቀህም ይደርሳል። እኔን ያስጨነቀችኝ ደብረ ሲና የተቀመጠችው ባለቤትህ ናት። ምን ነግረሃታል? ሟርተኛ አትበለኝና እስከ መጨረሻው አንብበው።

የሐዲድ ብረት አንዱ ሜትር ብቻ ግማሽ ኩንታል እህል እንደሚከብድ እስካሁን በትከሻህ አውቀኸዋል። እኔን ያገኘኝ ቁራጭ አራት ሜትር አይሞላም ነበር። ማንሻው ገመድ ላላ፣ ብረቱ ዞረ፣ በቃ። ያንተ መስመር ላይ ደግሞ ከአናትህ በላይ 25,000 ቮልት የተሸከመ ሽቦ አለ። በእሱ ለመጎዳት መንካት እንኳ አያስፈልግም፣ መቅረብ ይበቃል።

የኔ ነገር ማታ ነው የሆነው። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች አንስተው ክሊኒክ ወሰዱኝ፣ ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ተባልኩ። ለቤተሰብ ይነገር ተባለና ስልኬን ከኪሴ አወጡ። ባለቤቴን የመዘገብኳት «እሜቴ» ብዬ ነው። ጨዋታ መሆኑ ነው። እነሱ አክስቴ ወይም አያቴ መሰለቻቸው፣ ሽማግሌ አናስደነግጥ ብለው ተዉት። መጨረሻ የደወልኩለትን ቁጥር ሲደውሉ የሽንኩርት ደላላው ሆኖ ተገኘ! ደላላና ወሬን ታውቃለህ። ለዕድሩ ዳኛ ነገረው። ዳኛውም ነገሩን በወጉ አደርገዋለሁ ብሎ አራት ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ገና ሳይነጋ በሬን አንኳኩ።

አገርህን ታውቃለህ። ሽማግሌ ንጋት ላይ በር ካንኳኳ ሌላ ምን ይጠበቃል? አፋቸውን ሳይከፍቱ ባለቤቴ «ወየው!» ብላ ወደቀች። «ኧረ ቆስሎ ነው፣ ትንሽ ነው» ቢሏት ማን ሊያምን? መርዶም ሲጀመር «ትንሽ አሞታል» ተብሎ ነው። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ እናቴ ደረቷን ደቃች። እኔ በዚያ ሰዓት መርፌ ተወግቼ ተኝቻለሁ። በቁሜ ተለቀስኩ። ባለቤቴ ድምፄን የሰማችው ረፋድ ላይ ነው። በቆላ ልብስ ሳትደርብ መኪና ተሳፍራ ጣርማበር ላይ ብርዱ ሲቀበላት እንኳ አልታወቃትም። ደብረ ብርሃን ስትደርስ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። በሽተኛው እሷ ትመስል ነበር።

ስለዚህ ዛሬውኑ ስልክህን አውጣና «ባለቤቴ» ብለህ መዝግባት። ከሥሯ ወንድምህን። ስልክህ በቁጥር የሚዘጋ ከሆነ ቁጥሩን ትወቀው። አብረውህ ለሚሠሩት ሁለት ልጆች ስልኳን ስጣቸው፣ የነሱንም ለሷ ስጣት። አንድ ነገር ከሆነ በቀጥታ ለሷ ይደውሉ፣ የሆነውን ሳይቀንሱ ይንገሯት። «እግሩ ተሰብሯል፣ ይተነፍሳል፣ ያለው እዚህ ሆስፒታል ነው።» ይሄን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሽማግሌ አይላክባት። ደብረ ሲናና ድሬዳዋ ደግሞ ጎረቤት አይደሉም። አዲስ አበባ ገብታ ገና መንገዱን ልትጀምረው ነው። መሳፈሪያና የአንድ ሳምንት ማደሪያ የሚሆን ብር ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፣ ለበዓልም አይነካ። ዕድራችን ለሞት እንጂ ለቆሰለ ሰው እንደማይከፍል እኔ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ሌላው ወጌሻ ነው። አጎቴ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ «ሐኪም እግር መቁረጥ ይወዳል፣ አውጡልኝ፣ እኔ ሰው አውቃለሁ» ብሎ ክርር አለ። መኪና ሁሉ ተነጋግሮ ነበር። ባለቤቴ ልትስማማ ትንሽ ቀርቷት ነበር፣ አጎቴን አክብራ። ያዳነኝ አጠገቤ የተኛው የጁ አካባቢ ልጅ ነው። ከግንብ ወድቆ እግሩ ሲሰበር ወጌሻ በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ አስሮለታል። ሦስት ቀን ጣቶቹ ቀዝቅዘው፣ ደንዝዘው፣ ሲጠቁሩ «እየዳነ ነው» ይሉታል። ደም ስላልደረሰው ሥጋው ሞቷል። ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ብርድ ልብሱን ገልጦ ለባለቤቴ አሳያት። አጎቴ ያን ቀን ምሳ ሳይበላ ሄደ፣ እስካሁን አኩርፎኛል። ወጌሻን አልንቅም፣ ወለምታዬን ስንቴ አሽተውልኛል። ለተፈጨ አጥንት ግን አይሆንም። ይሄን ለባለቤትህም ለወንድሞችህም ፊት ለፊት ንገራቸው። አንተ ራስህን ስተህ ተኝተህ በዘመድ ክርክር ላይ ድምፅ የለህም። «እሱ ራሱ እንዲህ ብሏል» የምትልበት ቃል ይኑራት።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። እዚህ ላይ ነው ትዳሬ ሊፈርስ የነበረው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ሥራ ላይ ለተጎዳ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ ይሰጣል። ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ። ከዚያ ላሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። ሕክምናው፣ መድኃኒቱ፣ ካስፈለገም ሰው ሠራሽ እግሩ በአሠሪው ነው። እኔ ይሄን አላውቅም፣ ባለቤቴም አታውቅም። በአራተኛው ወር ብሩ ሩቡ ጎድሎ ገባ። ለእናቴ የላክሁት መሰላት። እኔ ደግሞ ታምሜ ተኝቼ ስጠረጠር ጊዜ ደሜ ፈላ። ሳምንት ሙሉ በልጁ በኩል ነው የተነጋገርነው። «ለአባትህ ሽሮው ደርሷል በለው።» በሰባተኛው ወር ወደ ግማሽ ሲወርድ በሬውን ሸጥነው። ቀድመን ብናውቅ ጥጃውን ሸጠን በሬውን እናቆየው ነበር። ውሎ አበል የሚባለው ደግሞ ከሥራ የቀረህ ቀን ይቀራል። አሁን ቤትህ የሚበላው ከአበሉ ከሆነ አስብበት።

ወረቀት። አንድ ጠዋት ከድርጅቱ የመጣ ሰው፣ ብርቱካን ይዞ፣ «ለፋይል ነው» ብሎ አስፈረመኝ። እኔ ማስታገሻ ወስጃለሁ፣ ፊደሉ ይደንሳል። ለካ የሚገባኝን ሁሉ ተቀብያለሁ የሚል ነው። ለማስተካከል ዓመት ፈጀብኝ፣ ያውም ያስተካከልኩት በከፊል ነው። ለባለቤትህ እንዲህ በላት፦ ማንም ቢመጣ፣ ብርቱካኑን ተቀበይ፣ ወረቀቱን ግን ወንድሜ ሳያነበው እንዳይፈረም። የቅጥር ውልህ፣ የደመወዝ ወረቀትህና የጡረታ መለያ ቁጥርህ ኮፒ ቤት ይኑር። ከደመወዝህ 7 በመቶ በየወሩ የሚቆረጠው ለዚሁ ነው። በኋላ የሐኪሞች ቦርድ የጉዳትህን መጠን በመቶኛ ይወስናል። ያኔ የአደጋው ሪፖርት፣ ደረሰኙ፣ የዓይን ምስክሩ ስም ያስፈልጋታል። የኔ ምስክሮች ሥራው ሲያልቅ ተበትነው አንዱን ያገኘሁት መተሐራ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር። ጠጥቶ ሥራ የገባ ወይም የደህንነት መመሪያውን የጣሰ ሰው አሠሪውን ሊጠይቅ እንደማይችል ያው አዋጅ ይላል። ድሬ ሙቀት ነው፣ ቢራው ይጋብዛል፣ ሄልሜቱም ያልባል። አውቃለሁ። ሄልሜቱን ግን አድርገው።

መቼ ልንገራት ትል ይሆናል። ለፋሲካ ስትመጣ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ከአቦል ቀጥሎ። በረካ ላይ አትድረስ፣ ያኔ ጎረቤት ይገባል። «ክፉ አታውራ» ብላ እጇን ታማትባለች። የኔዋም ዛሬ ይሄን ደብዳቤ ስጽፍ አይታ አማትባለች። ከዚያ ቁጭ ብላ አነበበችውና «የብርቱካኑን ሰውዬ ጨምርበት» አለችኝ። የጨመርኩት በሷ ትዕዛዝ ነው።

እግሬ አልተቆረጠም። ቁርጭምጭሚቴ አይታጠፍም እንጂ ክራንቹን ትቼ በምርኩዝ እሄዳለሁ። ስትመጣ ደውልልኝ፣ አሁን አነሳለሁ። ሮቢ ወንዝ እንወርዳለን። ግን ባጃጅ ይዘን ነው፣ ሒሳቡም ባንተ።

ያው የጥንቱ ወንድምህ
ከሸዋ ሮቢት