የጌም ሂስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. የሥራ ዘገባ

ክበቡ ጥቅምት ላይ ሲከፈት አብዛኞቹ ተማሪዎች የተመዘገቡት ለመጫወት ነበር። በሁለተኛው ሐሙስ እያንዳንዱ አባል ስለሚወደው ጌም ግማሽ ገጽ እንዲጽፍ ተደረገ። የተሰበሰቡት ወረቀቶች ከጥቂቶቹ በቀር "አሪፍ ነው"፣ "ይመቻል"፣ "ግራፊክሱ ያምራል" ብለው የሚያበቁ ነበሩ። የክበቡ የመጀመሪያ ደንብ የወጣው በዚያው ቀን ነው፤ "አሪፍ" ብሎ የጻፈ ሁሉ ቀጥሎ "ምክንያቱም" ይበል፤ ከ"ምክንያቱም" በኋላ የሚመጣው ደግሞ ሌላ ሰው ጆይስቲክ ይዞ ሊያየው የሚችል ነገር ይሁን። ዓመቱን ሙሉ የተለፋው ይህን ደንብ ለማስከበር ነው።

መጀመሪያ የተመረጠው ስክሪን የሌለው ጨዋታ ነው፤ ገበጣ። አንድ ቡድን የ12 ጉድጓድና የ48 ጠጠር ገበጣን ደንብ ተጫውቶ ለማያውቅ ሰው ይጽፋል፤ ሌላው ቡድን አንድም ነገር ሳይጠይቅ ከወረቀቱ ብቻ ይጫወታል። ሁሉም የተደናቀፉት አንድ ቦታ ላይ ነው። የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ስታርፍ ምን ይሆናል? ጸሐፊዎቹ ነገሩን አብጠርጥረው ስለሚያውቁት መጻፉን ዘነጉት፤ ያውም ከሰፈር ሰፈር ደንቡ የሚለያየው እዚሁ ላይ ነው። ጌም የሚገመግም ሰው የሚስተው በዚሁ መንገድ ነው፤ እጁ የለመደውን ነገር ብዕሩ ይዘለዋል።

ከገበጣ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የመጀመሪያ ሌቭል ተነበበ። "ተነበበ" የተባለው በምክንያት ነው፤ ሁለት ሳምንት የፈጀው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ላይ ነው። ተጫዋቹ የሚነዳው ማሪዮ ከስክሪኑ ግራ ይቆማል፣ በስተቀኙ ሜዳው ባዶ ነው፤ ስለዚህ ማንም ሳይነግረው ተጫዋቹ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ከፊት አንድ ጠላት ይመጣል። ዘለህ ካላለፍከው ወይም ካልረገጥከው ትሞታለህ፤ የምትከስረው ግን አንድ ነፍስና የጥቂት ሰከንድ መንገድ ብቻ ነው። ማሪዮ አንዱን ሳጥን ከታች ሲመታው እንጉዳይ ይወጣና ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፣ ከቧንቧው ጋር ተጋጭቶ ወደ ተጫዋቹ ይመለሳል። ጠላት መስሎት የሚሸሽ ጀማሪም ሳይወድ በግድ ይነካውና ማሪዮ ሲያድግ ያያል። አንድም ቃል ሳይጻፍ ሦስት ትምህርት ተሰጠ። አንድ የዘጠነኛ ክፍል አባል ስለዚህ እንጉዳይ ብቻ አንድ ገጽ ተኩል ጽፋለች፤ በዓመቱ ከተጻፉት ሁሉ በእኔ እምነት ምርጡ እሱ ነው።

በጥርና በየካቲት የተሠራው የላግ፣ ማለትም ቁልፍ ተጭኖ ስክሪኑ እስኪታዘዝ ያለው መዘግየት ልኬት ነው። አባላቱ "ይህ ጌም ላግ አለው" ማለት ይወዳሉ፤ ጥፋቱ የጌሙ ይሁን የቴሌቪዥኑ ግን ማንም ለይቶ አያውቅም። አለካኩ ቀላል ነው። በሰከንድ 240 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የሚቀርጽ ስልክ ጆይስቲኩንና ስክሪኑን አንድ ላይ እንዲያይ ሆኖ ይቆማል። ቁልፉ ከተጫነበት ፍሬም አንስቶ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው እስኪንቀሳቀስ ድረስ ፍሬሞቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። አንዱ ፍሬም 4.17 ሚሊ ሰከንድ ነው። አሥር ጊዜ ተለክቶ መካከለኛው ይወሰዳል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ልኬት ተጥሏል። አንደኛው ምክንያት አውራ ጣት ቁልፉን ስለሚሸፍነው የተጫነበት ቅጽበት አለመታየቱ ነው፤ በጣት ፈንታ በእርሳስ ጀርባ እየተጫኑ ከጎን መቅረጽ መፍትሔ ሆኗል። ሁለተኛው የክፍሉ የፍሎረሰንት መብራት ነው፤ በ240 ፍሬም ሲቀረጽ ምስሉ ይብለጨለጫል፣ ፍሬም መለየትም አይቻልም። ሥራው መስኮት ዳር በቀን ብርሃን ተደገመ። ውጤቱ በአንድ ፕሌይስቴሽን 2 እና በአንድ ጌም ይህ ነው፦ በአሮጌው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን 14 ፍሬም፣ በጠፍጣፋው 31 ፍሬም፣ ጠፍጣፋው ከምስል ማስተካከያው ውስጥ "ጌም ሞድ" ሲበራለት 18 ፍሬም። ጠፍጣፋው ከቱቦው በ17 ፍሬም፣ ማለትም በ71 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቷል። ጌም ሞድ ለአንዱ መሰኪያ ቢበራም ለሌላው ላይበራ ስለሚችል ገመዱ በተቀየረ ቁጥር መታየት አለበት።

ይህ ቁጥር ለምን ይጠቅማል? እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሰለስት የተባለው ጌም፣ ተጫዋቹ የሚነዳት ልጅ ከገደሉ ጫፍ እግሯን ከለቀቀች በኋላም ለ0.1 ሰከንድ (100 ሚሊ ሰከንድ) መዝለል ይፈቅድላታል። ተጫዋቹ ምሕረቱን አያየውም፤ ጌሙ እንደሚታዘዘው ብቻ ይሰማዋል። ቴሌቪዥኑ ከዚህ ላይ 71 ሚሊ ሰከንድ ከበላ የሚተርፈው 29 ነው። "ጌሙ አይታዘዝም" ብሎ የጻፈ ገምጋሚ በምን ስክሪን እንደተጫወተ ካልነገረን የጻፈው ስለ ቴሌቪዥኑ ሊሆን ይችላል።

የስልክ ጌሞች ላይ የባሰ ክፍተት ተገኝቷል። በውጭ አገር የሚጻፉ ግምገማዎች የእኛ ተጫዋች መጀመሪያ የሚጠይቀውን እምብዛም አያነሱም፤ ስንት ሜጋ ባይት ነው? ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? ባትሪ ይጨርሳል? የክበቡ ቅጽ ስለዚህ ከእነዚህ ይጀምራል። ባትሪ የሚለካው 100 ከሞላ በኋላ የስክሪኑ ብርሃን ግማሽ ላይ ሆኖ፣ ሌላ አፕ ሁሉ ተዘግቶ፣ 30 ደቂቃ በመጫወት ነው። ስልኩ ከቻርጀር እንደተነቀለ በትኩሱ ከተጀመረ ውጤቱ ይዛባል፤ 15 ደቂቃ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ማስታወቂያ ደግሞ በ20 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደመጣና መዝጊያው ምልክት በስንት ሰከንድ እንደታየ ይመዘገባል። ዳታ ሲጠፋ ማስታወቂያው የሚቀርላቸው አሉ፣ ጨርሶ አልከፈትም የሚሉም አሉ፤ አንባቢ ይህን አስቀድሞ የማወቅ መብት አለው። ዶሮ የምትሮጥበት ኩኩሉ ሲገመገም "የአገራችን ልጆች ሥራ ስለሆነ እንለፈው" የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። በድምፅ ተወስኖ በዚያው ቅጽ ተሞላ። ሠሪን ማክበር ማለት ሥራውን ከልብ ማየት ነውና ውሳኔው ትክክል ነበር።

ሁለተኛው መንፈቅ ለጌም ሚዲያ ተሰጠ። ከሁሉ በላይ ያነጋገረው ገምጋሚዎች ለጌም የሚሰጡት ነጥብ ነው። ሜታክሪቲክ የተባለው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የገምጋሚዎችን ነጥብ ሰብስቦ ከ100 አንድ ቁጥር ያወጣል፤ የትኛው ገምጋሚ ምን ያህል እንደሚመዝን ግን አይገልጽም። በእሱ ዘንድ ፊልም ከ61 ጀምሮ አረንጓዴ፣ ማለትም ጥሩ ነው፤ ጌም አረንጓዴ የሚሆነው ከ75 ጀምሮ ነው። 65 ያገኘ ፊልም "ጥሩ" ሲባል 65 ያገኘ ጌም ቢጫ ይሆናል። የጌም ነጥብ ከላይ ተጨናንቆ ከአሥር ሰባት "መካከለኛ" መምሰሉን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ለሠሪዎቹ ደግሞ እንጀራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ፎልአውት ኒው ቬጋስ 84 በማግኘቱ፣ 85 ቢሆን ኖሮ ይከፈል የነበረ ጉርሻ ለስቱዲዮው ቀርቷል። ክበቡ ነጥብ መስጠት አቁሟል። በምትኩ የጃፓኑ ፋሚትሱ መጽሔት ልማድ ተወስዷል፤ አራት ሰዎች አንዱን ጌም ለየብቻ ይገመግማሉ። ፋሚትሱ አራቱ እያንዳንዳቸው ከአሥር የሰጡትን ደምሮ ከ40 ይሰጣል፣ ሙሉ 40 ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠውም እ.ኤ.አ. በ1998 ለዜልዳ ኦካሪና ኦፍ ታይም ነው። እኛ አራቱን ጽሑፍ ጎን ለጎን እናትማለን፣ አንደምርም።

ረጅሙ ውይይት በሳይበርፐንክ 2077 ላይ የተደረገው ነው። ጌሙ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ሲወጣ አስቀድሞ ለገምጋሚዎች የተሰጠው የኮምፒውተሩ ቅጂ ብቻ ነበር፤ ራሳቸው የቀረጹትን ቪዲዮ ማሳየትም አልተፈቀደላቸውም። ከፍተኛ ነጥቦቹ የወጡት በዚህ ሁኔታ ነው። በፕሌይስቴሽን 4 እና በኤክስቦክስ ዋን የገዛው ሕዝብ ያገኘው የሚንገጫገጭና የሚዘጋ ጌም ሆነ፤ የፕሌይስቴሽን ሠሪ ሶኒ በሳምንቱ ከመደብሩ አነሣው፣ የተመለሰውም በጁን 2021 ነው። ገምጋሚዎቹ አልዋሹም። "ያየነው የኮምፒውተሩን ብቻ ነው" የሚለውን ግን ከነጥቡ በላይ በትልቁ መጻፍ ነበረባቸው። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ የክበቡ ግምገማ ሁሉ የመጀመሪያ መስመሩ ይህ ነው፦ በምን መሣሪያ፣ በየትኛው ቅጂ፣ ስንት ሰዓት ተጫውቶ፣ ጌሙን ማን ሰጥቶት ወይም ገዝቶት።

አጠቃላይ ሚዲያው ጌምን ስለሚያይበት ዓይንም ተነጋግረናል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ የ1989ኙን ቴትሪስ ፕሮግራሙ እስኪቆም ድረስ ተጫወተ፤ 157ኛው ሌቭል ላይ ነው የቆመው። ከዚያ በፊት ይህን በእጁ ያደረገ ሰው አልነበረም። አንዲት የእንግሊዝ የዜና አቅራቢ ግን ልጁ ከስክሪን ርቆ ንጹሕ አየር እንዲቀበል መከረች። በቼዝ ወይም በሩጫ ክብረ ወሰን የሰበረ ልጅ እንዲህ አይባልም፤ አባላቱ በዚህ መቆጣታቸው ተገቢ ነው።

ስለ ዕቃዎቹ፦ በጥር መብራት የጠፋው ጌም ሴቭ እየተደረገ ሳለ ስለነበር አንድ የ8 ሜጋ ባይት ሜሞሪ ካርድ ተበላሽቷል፤ አሁን ፕሌይስቴሽኑ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) አይከፈትም። ሁለት ጆይስቲኮች ሳይነኩ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሰው ወደ ግራ ይነዱ ነበር። በካቻቪቴ ተከፍተው በአልኮል ተጠርገዋል። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮል ውኃ ስላለበት በደንብ ሳይደርቅ መሰካት የለበትም። አንዱ ድኗል፤ ሌላው ውስጡ ስለተበላ በሦስት ሳምንት ተመልሶበታል፣ መቀየር ያለበትም ሙሉ ክፍሉ ነው።

ባዶ ቅጾቹና የዓመቱ ግምገማዎች በቤተ መጻሕፍቱ አሉ። የ2018 ምዝገባ በጥቅምት የመጀመሪያው ሐሙስ 9:30 ላይ ነው፤ ስልክ የሚያመጣ ተማሪ የወላጅ ፈቃድ ይዞ ይምጣ፣ ከገበጣ ስለምንጀምር ግን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደብተርና 48 ጠጠር ይበቃል።