ሦስት ብሃራታዎች

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ ህንድ የአፈ ታሪክ ነገሥታት ባወጣችሁት ጽሑፍ ሦስት ሰዎች በአንድ ስም ተደባልቀዋል። ማሃባራታ በተባለው የህንድ ጥንታዊ የጀግኖች ግጥም ያለው ብሃራታ የንጉሥ ዱሽያንታና የሻኩንታላ ልጅ ነው። ራማያና በተባለው ሌላው ጥንታዊ የጀግኖች ግጥም ያለው የዋናው ጀግና የራማ ወንድም ነው፤ ዙፋኑ ላይ የራማን ጫማ አስቀምጦ በእንደራሴነት ያስተዳደረው እሱ ነው። ጃይኖች (የአንድ ጥንታዊ የህንድ ሃይማኖት ተከታዮች) የሚያነሱት ደግሞ የሪሻባ የበኩር ልጅ ነው፤ ሪሻባ የመጀመሪያው ቲርታንካራ፣ ማለትም የጃይኖች ታላቅ መንፈሳዊ መምህር ነው።

ይህ ሦስተኛው ዓለሙን ሲያስገብር ታናሽ ወንድሙ ባሁባሊ አልገብርም አለ። ሠራዊት እንዳይተላለቅ ብቻ ለብቻ ገጠሙ፦ መጀመሪያ ዓይን ሳይሰብሩ በመተያየት፣ ቀጥሎ ውሃ በመረጫጨት፣ በመጨረሻም በትግል። ሦስቱንም የረታው ባሁባሊ ነው፤ እናንተ ግን ድሉን ለብሃራታ ሰጣችሁት። ባሁባሊ በትግሉ ወንድሙን ወደ ላይ ካነሣው በኋላ መንግሥቱን ትቶ መነነ፤ ዓመት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ቆሞ ሲያሰላስል ሐረግ በእግሩና በክንዱ ተጠመጠመ።

የባሁባሊን ሐውልት የምንለየውም በዚሁ ሐረግ ነው። በህንዷ የካርናታካ ግዛት፣ ሽራቫናቤላጎላ ኮረብታ ላይ እ.ኤ.አ. በ981 ገደማ ከአንድ አለት የተቀረጸው፣ 17 ሜትር ያህል የሚረዝመው ሐውልት ጭኑ ላይ ሐረጉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያተማችሁት ፎቶም ይኸው ሐውልት ነውና፣ ከሥሩ የተጻፈው «ንጉሥ ብሃራታ» የሚለው መግለጫ «ባሁባሊ» ተብሎ ይታረምልን።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ