ያ ጠመንጃ የጣሊያን አይደለም፣ ውጅግራ ነው

ይድረስ ለተከበራችሁ አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ አሮጌ ጦር መሣሪያ ሰብሳቢዎች ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። ሦስተኛውን ጮክ ብዬ ሳነብ ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ማንን ነው የምትሳደበው?» አለችኝ።

ስለ ሁሉም አላወራም። ያንገበገበችኝ ከትልቁ ፎቶ ሥር ያለችው አንዲት መስመር ናት። «በአድዋ ከጣሊያን የተማረከ ጠመንጃ» ትላለች። ያ ጠመንጃ የጣሊያን አይደለም። ውጅግራ ነው። ፈረንሳይ ሠራችው፣ እኛ ገዛነው።

እንዴት አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። ከራሳችሁ ፎቶ ነዋ! ፎቶውን ያነሳው ልጅ እጁ ይባረክ፣ ጥርት አድርጎ ነው ያነሳው። በስልካችሁ አጉሉትና ጎኑን እዩ። በላቲን ፊደል «ሴንት ኤትየን» የሚል ተቀርጾበታል፤ ከሥሩ 1874 (እ.ኤ.አ.)። ሴንት ኤትየን ጠመንጃ የሚሠራባት የፈረንሳይ ከተማ ናት። ጣሊያን ጠመንጃዋን እዚያ ድረስ ወስዳ በፈረንሳይኛ ታስቀርጽ ነበር ካላችሁ፣ እሱም ትልቅ ዜና ነው። ለብቻው ሥሩት።

ፊደሉ አልነበብ ካለ ደግሞ ሆዱን ማየት ይቻላል። ጣሊያኖቹ አድዋ ላይ በብዛት የያዙት ቬተርሊ የሚባለውን ነው። ቬተርሊ መጀመሪያ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርስ ነበር። ከ1887 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን ከሆዱ ሥር 4 ጥይት የምትይዝ ካዝና ቀጠሉለት። ካዝናዋ ወጣ ብላ ትታያለች። የእናንተው ፎቶ ላይ ያለው ሆዱ ልጥፍ ያለ ነው፣ የጾም ፍየል ይመስል። አንድ ጥይት ታጎርሰዋለህ፣ ትተኩሳለህ፣ ቀለሁን ታወጣለህ፣ ሌላ ታጎርሰዋለህ። ውጅግራ ማለት ይኼ ነው።

ስሙም ራሱ ይመሰክራል። አባቶቻችን ፈረንሳይኛ አልተማሩም፤ «ፉዚ ግራ» ሲሏቸው ጊዜ «ውጅግራ» ብለው ቁጭ አደረጉት። ግራ ጠመንጃውን ያወጣው የፈረንሳይ መኮንን ስም ነው። ስናይደር የተባለው የእንግሊዙ ሰናድር ሆነ። ለቤል የተባለው ለበን። የቤልጅየሙ ቤልጅግ፣ የሩሲያውም ሞስኮብ ተባለ። የአያቶቻችን አፍ ከየት እንደመጣ ለይቶ ያውቅ ነበር። የእናንተ ዴስክ ነው ሁሉንም «የጣሊያን» ብሎ የጠቀለለው።

አሁን አንዳንዱ አንባቢ «እሺ፣ የፈረንሳይም ሆነ የጣሊያን፣ ምን ለውጥ አለው? አሮጌ ብረት አይደል?» ይል ይሆናል። ለውጥ አለው፤ ብዙ ለውጥ አለው። መሣሪያውን ሁሉ ማርከን ነው ያገኘነው ካልን፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ጠዋት ሠራዊቱ በምን ተዋጋ? ጣሊያን «ኑ ውጉኝ» ብላ አስቀድማ አድላን ነበር?

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንሳይ በ1886 (እ.ኤ.አ.) ጭስ በሌለው ባሩድ የሚተኩሰውን ለቤልን አወጣች። ያኔ ግራ በአንድ ሌሊት አረጀ። መጋዘን ሙሉ ሥራ ፈት ጠመንጃ ለነጋዴ ተለቀቀ። ምኒልክ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሐረርን ያዙ፤ የባሕሩ መንገድ ተከፈተላቸው። ዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድና ቡና ወረደ፤ ጠመንጃ በግመል ወጣ፤ በኦቦክ፣ በታጁራ፣ ኋላም በጅቡቲ። ይኼ ገበያ ነው። ክርክር አለበት፣ ዱቤ አለበት፣ አጭበርባሪም አለበት። ሬምቦ የሚሉት ፈረንሳዊ ገጣሚ ሳይቀር ግጥሙን ትቶ አሮጌ ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ በረሃ ለበረሃ መጥቷል። በ1887 (እ.ኤ.አ.) ምኒልክ ፊት ሲቀርብ ዋጋውን አርግፈው፣ የሞተ ሸሪኩን ዕዳ ሳይቀር ቀንሰው ሸኙት። ለዓመታት ሲያማርር ኖረ። እኔ ይቺን ታሪክ በወደድኳት ቁጥር ጋዜጠኛ «የተማረከ» ብሎ ይጽፍብኛል።

እውነት ለመናገር ከጣሊያንም መጥቷል። ከአድዋ በፊት ጣሊያን ራሷ ሬሚንግተን ጠመንጃ ሰጥታለች፤ ከውጫሌ ውል በኋላም በ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ሳቢያ መሣሪያ ገብቷል። አድዋ ላይም በእርግጥ ተማርኳል፤ 56ቱም መድፎቻቸው እዚያው ቀርተዋል። ይኼን አልክድም። ሬሚንግተን ላይ ግብፆችንም መርሳት ነውር ነው፤ ጉንደትና ጉራዕ ላይ ጥለውልን ሄደዋል። ስለዚህ «የተማረከ» የሚለው ቃል ቦታ አለው። ቦታው ግን ያ ፎቶ ሥር አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሴ ጉዳይ ልግባ።

የአያቴ ውጅግራ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው ያደግኩት። ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል። ጠፍሩ እርጥብ ቆዳ ሆኖ ተሰፍቶበት፣ ሲደርቅ ተጨማዶ እንጨቱን አንቆ ይዞታል። ሙጫም ምስማርም የለበትም። እኔ የአውቶቡስ መካኒክ ነኝ፤ ያን ያህል ጥብቅ ጥገና በመኪና ላይ አላየሁም። አባቴ በየዓመቱ ለጥምቀት አውርዶ በቅቤ ይወለውለው ነበር። ተኩሶበት አያውቅም፤ ጥይቱ ከጠፋ ቆይቷል። ከዕለታት አንድ ቀን መሣሪያ አስረክቡ ተባለና ሦስት ሰዎች መጡ። «አይተኩስም» አላቸው አባቴ። «ታዲያ ምን ይሠራልሃል?» አሉትና ይዘውት ሄዱ። ደረሰኝ የለ፣ ምን የለ። ግድግዳው ላይ የጠመንጃው ጥላ ለብዙ ዓመት ነጥቶ ይታይ ነበር።

ከዚያ ስንት ዓመት በኋላ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አዳራሽ ሙሉ የጠመንጃ ገበያ ላይ እዞራለሁ። አንድ ጠረጴዛ ላይ አምስት ውጅግራ ተደርድሯል። ከኢትዮጵያ የመጣ ይላል። አንዱን አነሳሁት። ሰደፉ አንገቱ ላይ በጠፍር ታስሯል። የአያቴ ነው አልልም፤ የአያቴ ሰደፍ ላይ መስቀል ተቀርጾ ነበር፣ ይኼ የለውም። ግን ያው እጅ ነው። ሻጩ ደግ ሰውዬ ነው፤ «ይኼን ቆዳ ካልፈለግከው በቢላ ቆርጠህ ታወጣዋለህ» ብሎ መከረኝ። ገዛሁት። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ 1898 (እ.ኤ.አ.) የተሠራውን ዱሮ ዕቃ ነው የሚለው፤ እንደ ሌላው መሣሪያ አይቆጥረውም። እንደ ሰዓት ከፍለህ መውሰድ ነው። አያቴ ቤት ውስጥ ያልተፈቀደው እዚህ ተፈቀደልኝ።

ቤት ወስጄ አባቴን በቪዲዮ ደወልኩለት። ስለ ፈረንሳይም ስለ አድዋም አልጠየቀኝም። «አዙረው፣ ጠፍሩን አሳየኝ» አለ። ብዙ ዝም ብሎ አየው። «የፍየል አይደለም፣ የበሬ ነው። ጎበዝ ሰው ነው የሰፋው» አለኝ።

ዘገባችሁ ግን ምን ይላል? ሰብሳቢዎቹ «ምዕራባውያን ባለሀብቶች» ናቸው፣ ኢትዮጵያውያን «ለእንዲህ ዓይነቱ ቅርስ ደንታ የላቸውም።» ኧረ ጉድ! ጸሐፊው ማንን ጠይቆ ነው? እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ብቻ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ላይ የምንገናኝ ሰባት ሰዎች አለን። አንዱ ታክሲ ነጂ ነው፣ አንዷ ነርስ ናት፤ አያቷ አርበኛ ነበሩና የእሷ ፍቅር ምንሽር ነው። አንዱ ጠመንጃ አይወድም፣ የሚሰበስበው ሳንጃ ብቻ ነው። የውጅግራ ሳንጃ ጀርባው ላይ የተሠራበት ቦታና ዓመት በቀጭን የእጅ ጽሑፍ ተቀርጿል፤ እሱ በአጉሊ መነጽር እያነበበ ደብተር ላይ ይመዘግባል። ባለሀብት የለንም። እኔ ጠመንጃውን የገዛሁት በሁለት ሳምንት ትርፍ ሰዓት ነው። ዘጋቢያችሁ ስልክ ቢደውልልን ቡናውንም እንጋብዘው ነበር።

ሁለት ጊዜ ኢሜይል ላክሁላችሁ። የመጀመሪያው መልስ አላገኘም። ሁለተኛው «አስተያየትዎ ለእኛ ጠቃሚ ነው» የሚል ከማሽን የመጣ መልስ አገኘ። ማሽኑን አመሰግናለሁ፣ ከሁላችሁም እሱ ይሻላል።

ፎቶውን አታንሱት፣ ጥሩ ፎቶ ነው። መስመሯን ብቻ አስተካክሉ። «ከጣሊያን የተማረከ» የሚለውን ሰርዙና «ውጅግራ፣ ሴንት ኤትየን የተሠራ፣ በኢትዮጵያ ገንዘብ የተገዛ» በሉበት። ቦታ ከጠበባችሁ «ውጅግራ» ብቻም ይበቃል።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ