ለልጄ፦ ሲዲ47ን ከቀይ የደም ሴል ወገን ሆነሽም እዪው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የማስተርስ ጥናትሽን በሲዲ47 ላይ ልትሠሪ መወሰንሽን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ዕድሜዬን በደም ላቦራቶሪ ስላሳለፍኩ ይህ ፕሮቲን ለእኔ ባዳ አይደለም። ግን አንቺ የመጣሽበት በካንሰሩ በኩል ነው፣ እኔ ደግሞ በቀይ የደም ሴል በኩል። ከዚህ ወገን የሚታየውን ልንገርሽ።

ሲዲ47 በሁሉም ሴሎቻችን ገጽ ላይ አለ ማለት ይቻላል። ማክሮፋጅ (ያረጁና ባዕድ ሴሎችን የሚበላው የመከላከያ ሴል) አንድን ሴል ሲጠጋ ሰርፕ-አልፋ በሚባለው ተቀባዩ ይፈልገዋል። ካገኘው ሴሉን ሳይነካ ያልፋል። ለዚህ ነው «አትብላኝ» የሚል ምልክት የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውን ጥናት ከሁሉ በፊት አንብቢ። ሲዲ47 የሌላቸው የአይጥ ቀይ ሴሎች ጤነኛ አይጥ ውስጥ ሲገቡ የጣፊያ ማክሮፋጆች በፍጥነት ጠራርገው አጠፏቸው። የጎደላቸው ያ አንድ ፕሮቲን ብቻ ነበር። የሰው ቀይ ሴል 120 ቀን ያህል የሚኖረው በዚሁ ጣፊያ ውስጥ እየተመላለሰ መሆኑን አስቢ።

ሥራው በዚህ አያበቃም። ትሮምቦስፖንዲን-1 ከሚባል ፕሮቲን ጋር ተያይዞ የደም ሥርን የሚያሰፋውን የናይትሪክ ኦክሳይድን መልእክት ያዳክማል። አንጎል ውስጥ ደግሞ ማይክሮግሊያ (የአንጎል በላተኛ ሴሎች) የሚፈለጉ የነርቭ መገናኛዎችን እንዳይበሉ ይጠብቃል።

የካንሰር ሴሎች ይህንን ምልክት አብዝተው ይጠቀሙበታል። በስታንፎርድ የአርቪንግ ዋይስማን ቡድን በ2009 በደም ካንሰር ላይ አሳየው፤ ሲዲ47 በአንቲቦዲ (ኢላማውን ለይቶ በሚይዝ ፕሮቲን) ሲዘጋ ማክሮፋጆች ካንሰሩን በሉት። ተስፋው ትልቅ ነበር። ማግሮሊማብ የተባለውን ሲዲ47 የሚዘጋ አንቲቦዲ የያዘውን ኩባንያ ጊልያድ የተባለው የመድኃኒት ድርጅት በ2020 በ4.9 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያ በ2023 አንዱ ትልቅ ሙከራ ጥቅም ስላላሳየ ቆመ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በአጣዳፊ የደም ካንሰር ላይ የነበረው ቆመ። እሱ የከፋ ነበር፤ መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ የሞት አደጋው ጨምሮ ተገኘ፤ በዋናነትም በኢንፌክሽንና በመተንፈሻ አካል ድክመት። ልጄ፣ እነዚያ ሰዎች ተስፋ አድርገው የገቡ ታማሚዎች ናቸው። ስታነቢው በቁጥር ብቻ አትለፊው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሙሉ መልስ አለኝ አልልሽም፤ የአይጥ ሙከራዎቹን ግን መለስ ብለሽ እዪ። በብዙዎቹ የሰው ካንሰር አይጥ ውስጥ ተተክሎ ነበር። አንቲቦዲው የሚያውቀው የሰውን ሲዲ47 ነው፣ የአይጡን አይነካም። ስለዚህ ኢላማው ካንሰሩ ብቻ ሆነ፣ የአይጡ ቀይ ሴሎችም ሰላም አደሩ። በዚያ ላይ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው የአይጥ ዝርያ ሰርፕ-አልፋው የሰውን ሲዲ47 ከወትሮው አጥብቆ ይይዛል። ሰው ላይ ሲመጣ ግን ፕሮቲኑ የትም አለ። መድኃኒቱ ካንሰሩ ጋ ሳይደርስ ጤነኛ ሴሎች ይዘው ያስቀሩታል።

መድኃኒቱ የሚያስከትለው ደም ማነስም ከዚሁ ይመጣል። መጀመሪያ የሚጠፉት ያረጁት ቀይ ሴሎች ናቸው። ሐኪሞቹ ትንሽ ዶዝ አስቀድመው መስጠትን ዘየዱ፤ አሮጌዎቹ ሲወገዱ መቅኒው አዳዲስ ሴል ይተካል፣ ከዚያ ዋናው ዶዝ ይከተላል። ብልህ ዘዴ ነው። የእኛ የላቦራቶሪ ጣጣ ግን ቀረ። ታማሚው ደም ያስፈልገዋል፤ አንቲቦዲው ደግሞ ክሮስማቹን (የለጋሹና የታማሚው ደም መስማማቱን የምናይበትን ምርመራ) ያበላሸዋል። የለጋሹ ደም ሁሉ የማይስማማ መስሎ ይታያል። ስለ መድኃኒቱ ሲወራ ይህ ብዙም አይነሳም፤ መነሳት ነበረበት።

ይህን የምጽፍልሽ ርዕሱን እንድትተዪ አይደለም። «አትብላኝ»ን ዝም ማሰኘት ብቻውን አይበቃም፤ ሴሉ እንደ ካልሬቲኩሊን ያለ «ብላኝ» የሚል ምልክትም ማሳየት አለበት። በሁለት ክንድ የሚይዙ አንቲቦዲዎች የሚሠሩት ለዚህ ነው፤ አንዱ ክንድ የካንሰሩን ምልክት አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላው ሲዲ47ን ላላ አድርጎ። ሰርፕ-አልፋን ራሱን የሚዘጉም አሉ። የተገላቢጦሹ ደግሞ ይበልጥ ያስደስተኛል። በ2025 ውጤቱ ይፋ በሆነ ሙከራ፣ ስዊድን ውስጥ ሲዲ47 እንዲበዛባቸውና ሌሎች መለያዎቻቸው እንዲጠፉ የተደረጉ ኢንሱሊን አምራች ሴሎች ለአንድ የስኳር ታማሚ ተተከሉ። የበሽታ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ሳይወስድ ሴሎቹ ኢንሱሊን ማምረት ቻሉ። ይቺን ለመዝጋት ብቻ ሲሯሯጡባት የኖረች ፕሮቲን አስቢያት!

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ፕሮፖዛልሽ ላይ ማክሮፋጁንና የካንሰሩን ሴል ብቻ አታገናኚ። እዚያው የላቦራቶሪ ሳህን (ፕሌት) ላይ የሰው ቀይ ሴል ጨምሪበት፤ ትኩሱንም፣ የቆየውንም ለየብቻ። የትኛው ቀድሞ እንደሚበላ ቁጠሪ። አማካሪሽ ሥራ ይበዛል ካሉሽ፣ አቆጣጠሩን እኔ ቁጭ ብዬ አሳይሻለሁ። ረቂቁን ሳትልኪ በፊት አስነብቢኝ።

የምትወድሽ እናትሽ