የምንጠይቃቸውን እንጠይቃቸው፦ ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች የተላከ ደብዳቤ

ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ተማሪዎች የቤተሰባቸውን ታሪክ ጠይቀው በድምፅና በጽሑፍ ስለማስቀረታቸው

በዚህ መንፈቅ ዓመት ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ያሉ ተማሪዎቻችን ከቤተሰባቸው መካከል በዕድሜ የገፉ አንድ ሰው መርጠው ስለ ሕይወታቸው እንዲጠይቁ፣ የሚሰሙትንም በድምፅ ቀድተው በገዛ እጃቸው እንዲጽፉ ወስነናል። ሥራው የልጆቹ ቢሆንም ያለ እናንተ ፈቃድና ትዕግሥት የሚሳካ ስላልሆነ፣ የምንጠይቃችሁን ከነምክንያቱ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ሐሳቡ የመነጨው ከአንድ ፎቶግራፍ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ከዕቃዎቿ መካከል ያገኘሁት ይህ ፎቶግራፍ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው የሚስቁ አምስት ወጣት ሴቶችን ያሳያል፤ ከግራ ሁለተኛዋ እናቴ ናት። የቀሩት አራቱ እነማን እንደሆኑ፣ የት እንደቆሙና ምን እንዳሳቃቸው የሚነግረኝ ሰው ግን የለም። እናቴን በየሳምንቱ እየሄድሁ እጠይቃት ነበር፤ ስለ መድኃኒቷ፣ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም። በቋንቋችን መጠየቅ የሚለው ቃል ሰውን ሄዶ ማየትንም፣ ያላወቁትን ለማወቅ መፈለግንም በአንድነት ይይዛል፤ እኔ የፊተኛውን እያደረግሁ የኋለኛውን ሳላደርግ ቀረሁ። ልጆቻችሁ ሁለቱንም እንዲያደርጉ እፈልጋለሁ።

የቤተሰብን ታሪክ ማወቅ ለልጅ ምን እንደሚጠቅም ለምታስቡ፣ በአሜሪካ የኤመሪ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ የሠሩት ጥናት ቁም ነገር ይዟል። የጥናቱ መነሻ የዱክ ባለቤት ሣራ ያስተዋሉት ነገር ነበር፤ እርሳቸው የመማር ችግር ካለባቸው ልጆች ጋር የሚሠሩ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሲሆኑ፣ ስለ ቤተሰባቸው ብዙ የሚያውቁት ልጆች ችግር ሲገጥማቸው በተሻለ ሁኔታ እንደሚቋቋሙት ታዝበዋል። ተመራማሪዎቹ ይህን ለመመርመር 20 ጥያቄዎችን አዘጋጁ፦ አያቶችህ የት እንዳደጉ ታውቃለህ? እናትና አባትህ የት እንደተገናኙ ታውቃለህ? አንተ ስትወለድ የሆነውን ታውቃለህ? ብዙ የሚያውቁት ልጆች ለራሳቸው ያላቸው ግምት ከፍ ያለ፣ ሕይወታቸውንም መምራት እንደሚችሉ ይበልጥ የሚሰማቸው ሆነው ተገኙ። ይሁን እንጂ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው እንደሚያሳስቡት፣ ልጅን 20 መልሶች ማስጠናት አያጠነክረውም። ልጁ ያልነበረበትን ዘመን ሊያውቅ የሚችለው አንድ ሰው ጊዜ ሰጥቶ ስለነገረው ነውና፣ ጥቅሙ የሚገኘው ከዚያ አብሮ ከመቀመጥ ነው። ስለዚህ የዘር ሐረጉን በወረቀት አሰናድታችሁ ለልጁ እንዳትሰጡት አደራ እላለሁ፤ ሄዶ ይጠይቅ።

ከእነዚያ 20 ጥያቄዎች አንዱ በቤተሰቡ ላይ የደረሰ ክፉ ነገር ልጁ ያውቅ እንደሆነ የሚጠይቅ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ብዙዎቻችን ለልጆቻችን የምንመርጠው የድሉን ወሬ ብቻ ነው፤ ከምንም ተነሥተን እዚህ ደረስን የሚለውን። ዱክና ፊቩሽ ግን ለልጅ የሚበጀው ውጣ ውረዱን ሳይደብቅ የሚነገረው ታሪክ እንደሆነ ይናገራሉ፦ ሥራ አግኝተን ነበር፣ አጣን፣ ታመምን፣ ተለያየን፣ ግን ቤተሰብ ሆነን ቆየን የሚለው። በመምህርነት ዘመኔ ያየሁትም ይህንኑ ይመስላል። በአንድ ፈተና ወድቆ ዓለም የጨለመበት ልጅ፣ አባቱ በዚያው ዕድሜ ወድቆ እንደነበር ከራሱ ከአባቱ አፍ ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደሚፈታ ደጋግሜ ተመልክቻለሁ። ይህ ማለት ግን ማንም የማይፈልገውን ቁስል ይነካካ ማለት አይደለም። ተናጋሪው "ይህን ተወው" ካሉ ልጁ እንዲተው አስተምረነዋል፤ ለልጅ ጆሮ የሚከብደውን መለየት ደግሞ የእናንተ ድርሻ ነው።

ጥያቄው እንዴት ይቅረብ የሚለው ዋነኛው ነገር ነው። "ስለ ሕይወትዎ ይንገሩኝ" የተባለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ "ምን የሚነገር አለ" ብሎ ዝም ይላል። "ልጅ ሳሉ የሚተኙት ከማን ጋር ነበር? መጀመሪያ በሠሩበት ገንዘብ ምን ገዙ? ከቤት ሲወጡ በር ላይ ቆሞ የሸኘዎት ማን ነው?" ሲባል ግን አንዱ ትዝታ ሌላውን እየጎተተ ይመጣል። የትዝታ ተመራማሪዎች እንደደረሱበት፣ ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው የገጠማቸውን አብልጠው ያስታውሳሉ፤ ስለዚህ ልጆቻችን ከዚያ ዕድሜ እንዲጀምሩ መክረናቸዋል። የቆየ ዕቃ ወይም ፎቶግራፍ በእጅ ማስያዝም ብዙ ያናግራል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ዝምታን መታገሥ ነው። ሽማግሌው ንግግራቸውን ሲያቆሙ ልጁ ቀጣዩን ጥያቄ ለመጣል ይቸኩላል፤ እናንተም አጠገቡ ካላችሁ ክፍተቱን ለመሙላት ትፈተናላችሁ። እባካችሁ ጠብቁ፤ ከዝምታው በኋላ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀደም ለማንም ያልተነገረው ነው።

ሲናገሩም አታርሟቸው። አክስት "ዝናብ ነበር" ብለው አጎት "ፀሐይ ነበር" ቢሉ ሁለቱም ይቀዱ። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፍሬደሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 እንዳስረዱት፣ ሰው ያለፈውን ሲያስታውስ ከሣጥን እንደሚወጣ ዕቃ ሳይነካ አያወጣውም፤ በሚያውቀውና በሚያምንበት መሠረት እንደገና ይገነባዋል። ዓመተ ምሕረቱ ተሳስቶ ከሆነ በኋላ ከሰነድ ጋር ማመሳከር ይቻላል፤ በመሐል በእርማት የተቋረጠ ተናጋሪ ግን ወደ ነበረበት ስሜት አይመለስም።

ስለ ጊዜው መጠን ጥሩ አርአያ አለን። ዴቭ አይሴይ የተባሉ የሬዲዮ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2003 በኒው ዮርክ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ውስጥ አንዲት ጠባብ የመቅጃ ክፍል አቁመው ስቶሪኮርፕስ የተባለውን ሥራ ሲጀምሩ፣ የሚቀራረቡ ሁለት ሰዎች ገብተው ለ40 ደቂቃ እንዲነጋገሩ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ የተሰበሰቡት ቅጂዎች በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። 40 ደቂቃ ለአረጋዊ ሰው አያደክምም፤ ለልጅም አይሰለችም። መሣሪያውም የእጅ ስልክ ይበቃል፦ ጥሪ እንዳይገባበት ተደርጎ፣ ጠረጴዛው እንዳያንኳኳ የታጠፈ ጨርቅ ላይ፣ ወደ ተናጋሪው ቀርቦ ይቀመጥ፤ መጀመሪያ ላይም ልጁ ቀኑን፣ የራሱንና የተናጋሪውን ስም ይናገር። የቪዲዮ ካሜራ ሰውን ስለሚያስጨንቅ እኔ ድምፅን እመርጣለሁ። በዚያው ቀን ፋይሉ ቢያንስ በሦስት ቅጂ ይቀመጥ፤ አንዱ ቅጂ በሌላ ዘመድ ቤት ይሁን። የቆዩ ፎቶግራፎች ካሉም ስሞቹን በጀርባቸው፣ ጠርዙ ላይ፣ ለስላሳ በሆነ እርሳስ ሳትጫኑ ጻፉ፤ እስክሪብቶ በጊዜ ብዛት ወደ ምስሉ ሊያልፍ ይችላል።

በቅርብ አያት የሌላቸው፣ ወላጅ ያጡ ወይም በአሳዳጊ ቤት የሚኖሩ ተማሪዎች እንዳሉን አልዘነጋሁም። እነዚህ ልጆች ያሳደጋቸውን፣ የሚያውቃቸውን ወይም የሚወዱትን ማንኛውንም ሰው ሊጠይቁ ይችላሉ፤ መምህሮቻቸውም በክፍል ውስጥ "አያታችሁን" ሳይሆን "የመረጣችሁትን ሰው" እንዲሉ ተስማምተናል። አሳዳጊ የሆናችሁ፣ ልጁ ወደ ቤታችሁ የመጣበትን ቀን የምታስታውሱት እናንተ ናችሁና፣ ተናጋሪዎቹ እናንተ ብትሆኑ ደስ ይለኛል።

ለትምህርት ቤቱ የሚቀርበው ልጁ ራሱ የጻፈው ሁለት ገጽ ብቻ ሲሆን፣ ይህም ተናጋሪው ሰምተውት ሲፈቅዱ ነው። የድምፅ ቅጂው የቤተሰባችሁ ንብረት ስለሆነ አንሰበስበውም፤ በማኅበራዊ መገናኛ ገጽም ያለ ተናጋሪው ፈቃድ እንዳይለጠፍ እንለምናለን። ሰዋስዉን አታቃኑለት፤ ውጤት የምንሰጠው ለማዳመጡ ነው።

ጽሑፉ የሚቀርበው የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት በፊት ነው። ነገር ግን በቤተሰባችሁ ውስጥ በጽኑ የታመሙ ወይም የመርሳት ሕመም የጀመራቸው ሰው ካሉ ይህን ቀን አትጠብቁ። ልጁ ሄዶ ሊጠይቃቸው ከትምህርት ሰዓት መቅረት ቢኖርበት ወደ ቢሮዬ መጥታችሁ ንገሩኝ፤ ፈቃዱን በዚያው ቀን ራሴ እፈርማለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ርዕሰ መምህር