ለልጄ፦ ስልኬ ላይ ስለጫንሽልኝ የልብስ ማዛመጃ አፕ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ
ባሕር ዳር

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በብዙ ሰላም ብላሻለች፤ የምትወጂውን ቡና ቆልታ አዘጋጅታለች፣ ወደዚያ የሚመጣ ሰው እንዳገኘን እንልክልሻለን።

ባለፈው ስትመጪ ስልኬ ላይ የጫንሽልኝን የልብስ ማዛመጃ አፕ ሞክሬ እንደ ልብስ ሰፊ የሚታየኝን እንድጽፍልሽ አደራ ብለሽኝ ነበር። ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ፣ አንዳንዴም ደንበኛ ሲጠፋ የስፌት መኪናው ላይ ተደግፌ ስነካካው ሰንብቻለሁ። ቀለምና ቅርፅ ለመምረጥ ጎበዝ ረዳት ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ስለ ጨርቅ ግን ምንም የሚያውቀው ነገር የለም። አንቺ ደግሞ የምትማሪው ከጨርቅ ጋር የሚያውል ሙያ ስለሆነ ይህን ልዩነት በደንብ እንድትይዢው እፈልጋለሁ።

በመልካሙ ልጀምር። በየዕለቱ አንድ ርእስ እየሰጠ፣ የሠርግ ነው፣ የምረቃ ነው እያለ፣ ለዚያ የሚስማማ ልብስ፣ ጫማና ጌጥ አስመርጦ ሌሎች ድምፅ እንዲሰጡበት ማድረጉ ጨዋታ ቢመስልም ዓይን ያሠለጥናል። ለእኔም ሥራ ጠቅሞኛል። በቀደም አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር መጥታ በጥለቱ ቀለም መስማማት አቃታቸው፤ እሷ ጥቁር አረንጓዴ ይሁን ስትል እናቷ ወርቃማ ካልሆነ አሉ። ነጭ ቀሚስ የለበሰችውን የአፑን ሴት አውጥቼ የቀሚሷን ጫፍ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ቀለም እየቀያየርኩ አሳየኋቸው። እናትየው ወርቃማው ብቻውን ነጭ ላይ ሲደበዝዝ ካዩ በኋላ፣ አረንጓዴው ይሁን፣ ዳርና ዳሩን ግን ቀጭን የወርቅ ክር ይግባበት ብለው ራሳቸው ዳኙ። ቀድሞ ቢሆን የክር ጥቅል ከመደርደሪያ እያወረድኩ ስንጨቃጨቅ እንውል ነበር።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። የአፑን ሴት ቁመት በክር ለካሁት። ከአናቷ እስከ አገጯ ያለውን ርዝመት ይዤ ወደ ታች ስደጋግመው ዘጠኝ ጊዜ ያህል ሄደልኝ። የፋሽን ሥዕል ሆን ተብሎ እንዲህ እንደሚረዝም በትምህርትሽ ሳይነግሩሽ አይቀሩም፤ ሱቄ መጥታ ሜትሩ የሚዞርባት ሴት ግን ቁመቷ የጭንቅላቷን ርዝመት ሰባት ወይም ሰባት ተኩል ጊዜ ቢሆን ነው። ያ ሁሉ ትርፍ ርዝመት ደግሞ አብዛኛው እግሯ ላይ የተጨመረ ነው። ስለዚህ ስልኩ ላይ ቀጭን መስሎ የሚታየው የቀሚስ ጫፍ ጥለት አጠር ያለች ሴት ላይ ሲወርድ ወደ ጉልበት ይጠጋል፤ ከወገብ በታች ያለው ሽንሽንም ዘርፈፍ ብሎ መውረዱ ቀርቶ ያብጣል። ንድፍሽን ከአፑ ካወጣሽ በኋላ በእውነተኛ ሰው ልክ እንደገና ሳትሥዪው ለማንም እንዳታሳዪ።

ከዚህ የሚብሰው የጥበቡ ጉዳይ ነው። አፑ ጥለትን እንደ ሪባን ነው የሚያየው፤ ክብ አንገት ዙሪያ ያጥፈዋል፣ እጅጌ ላይ ይጠመጥመዋል፣ ከወደድሽም በሰያፍ ደረት ላይ ይጥለዋል። በእጅ የተሸመነ ጥበብ ግን ተቆርጦ የሚለጠፍ ሳይሆን፣ ሸማኔው ከማጉ ጋር ባለቀለም ክር እያስገባ ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚሠራው ነው። ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ስፋቱም በሸማው ወርድ የተወሰነ ነው። ጠርዙን ላዙረው ካልሽ ወይ ትሸበሽቢዋለሽ፣ ወይ ቆርጠሽ ክሩ እንዲተረተር ትፈርጂበታለሽ። በዚህም የተነሳ የሐበሻ ቀሚስ የሚነድፍ ሰው ጥለቱ የትኛው ላይ እንደሚያርፍ፣ ለአንገት ስንት፣ ለእጅጌ ስንት፣ ለጫፍ ስንት ክንድ እንደሚፈልግ ድሩ ሳይዘረጋ በፊት ለሸማኔው መናገር ይኖርበታል። አፑ ውስጥ ልብሱ መጀመሪያ ይመጣል፣ ጌጡ በኋላ ይጨመራል፤ እኛ ዘንድ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው።

ሰያፍን ካነሳሁ አይቀር፣ ጨርቅ በድሩ አቅጣጫ ሲንጠለጠል ቅርፁን ይዞ ይቆያል፣ በሰያፍ ሲቆረጥ ግን ይለጠጣል፣ ገላም ላይ ይተኛል። የስልኩ ቀሚስ በየትኛውም አቅጣጫ ቢቆረጥ አወራረዱ አንድ ነው። ነጠላም የለውም፤ ያለው ሻርፕ ብቻ ነው። ጥለቱ ወደ ታች ሲሆን ለዘወትርና ለበዓል፣ ወደ ላይ ዞሮ ፊት አጠገብ ሲሆን ለሐዘን መሆኑን የማያውቅ አፕ ሙሽራ አልብሺ ሲልሽ ተጠንቀቂ። የጅማ ዝናብና ቀይ ጭቃ መሬት የሚጠርግ ነጭ ቀሚስን ምን እንደሚያደርገው ደግሞ አንቺው ታውቂያለሽ፤ የአፑ ወለል ሁልጊዜ የተወለወለ ነው።

ቀለምን በተመለከተ፣ ስልኩ ቀለም የሚፈጥረው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ነውና የብርሃኑን መጠን ከፍ ዝቅ ስታደርጊ ቀለሙም አብሮ ይለወጣል። ሂርማታ ገበያ ጨርቅ ስንገዛ ቶፑን፣ ማለትም የጨርቁን ጥቅል፣ ወደ በሩ አውጥቼ በፀሐይ የማየው አምፖል ሥር አንድ የመሰሉ ሁለት ጨርቆች ደጅ ሲወጡ ስለሚለያዩ መሆኑን ነግሬሻለሁ። ከስልክ በመረጥሽው ቀለም ክር አትዘዢ፤ ቁራጭ ናሙና ይዘሽ ሂጂ።

ሥራሽን አፑ ውስጥ ብቻ አታስቀምጪ። ፖሊቮር የሚባል፣ ሰዎች የልብስ ምርጫቸውን እየገጣጠሙ የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ተመሥርቶ በ2018 በሌላ ኩባንያ ተገዝቶ ተዘጋ፤ ተጠቃሚዎቹም የዓመታት ሥራቸውን የሚያወጡበት አጭር ጊዜ ብቻ ነበር የተሰጣቸው። የሠራሽውን ሁሉ ለራስሽ ቅጂ አስቀሪ፣ ዋና ዋናውን በወረቀት ሥዪ። የራስሽንም ሆነ የጓደኞችሽን ፎቶ ከመጫንሽ በፊት ባለቤቶቹ በፎቶው ምን የማድረግ መብት እንደሚወስዱ ውሉን አንብቢ። ጌጥ ለመግዛት የሚጠይቅሽን ሳንቲም በተመለከተ፣ በዚያ ገንዘብ እውነተኛ ክር ይገዛበታል።

ያቺ ሙሽራ ሥራውን ለእኛ ሰጥታለች። የአንገቱን ንድፍ አንቺ እንድትሠሪው ፈልጌያለሁ፤ ጅሬን ካለው ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራ ቀጥ ቀጥ ያሉ መስመሮችን ብትወስጂ ለሽመናም ይመቻል። ደረቷን፣ ወገቧን፣ ዳሌዋን፣ ቁመቷንና የእጅጌዋን ልክ በዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልሻለሁ። ቀለሙን አፑ ላይ ሞክሪው፣ የጥለቱን ስፋትና ርዝመት ግን በሴንቲ ሜትር ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ሸማኔው ድሩን ሳይዘረጋ እንዲደርሰኝ በቶሎ ይሁን።

አባትሽ
ጅማ